ሥሯን ወደ ፀሐይ

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። የአያ ጀማል የሞተር ጀልባ ንጋት ላይ ከደልጊ ተነሥታ ወደ ወደባችን ስትገባ እኔ ዋርካው ሥር ተቀምጬ ለአያቴ ልጥ እነክር ነበር። አያቴ ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ ልጡ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ማሰሪያ ነው፤ በደንብ ካልተነከረ ሲጠብቅ ይበጠሳል። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስለነበርሁ ከሰዓት በኋላዬ የልጥ ነበር።

አያ ጀማል ዓሣውን ከፀሐይ የሚከልለው ሁልጊዜ በእርጥብ ደንገል ነው። የዚያን ቀን ግን ቆሮሶ ዓሣው የተሸፈነው በማላውቀው ቅጠል ነበር፤ ወፍራም፣ ክብ፣ በቅቤ የታሸ የሚመስል። ከመካከሉ አንድ አበባ ቀና ብሏል። ሐምራዊ ነው፤ የላይኛው ቅጠሉ ላይ ዓይን የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ አለበት። አየኝ ብዬ አሰብሁ።

«ምን ታፈጭብኛለሽ፣ አንቺ ዝምታ?» አለኝ አያ ጀማል። ዝምታ እሱ ያወጣልኝ ስም ነው።

አልመለስሁለትም። በዚያ ዕድሜዬ ለሰው መልስ መስጠት ጥርስ እንደመነቀል ነበር።

«ቅጠሉን ነው? ውሰጂው እንጂ! ደልጊ ዳርቻውን ሞልቶታል። ዓሣ በማቀዝቀዝማ ደንገልን ያስንቃል፤ አይጠወልግም እኮ።»

ይህን እያለ ቅጠሉን በሁለት እጁ እየዛቀ ከጀልባው ወደ ውሃው ወረወረው። ባለአበባዋ እግሬ ሥር ወደቀች። ጎንበስ ብዬ አነሣኋት። ሥሯ ጥቁርና ረጅም ነው፤ ገና ከታጠበ ፀጉር ይለሰልሳል። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ እጄን ስዘረጋ።

ባለፈው ወር፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ እዚያው ዳርቻ ቆሜ ነበር። ያ ቅጠል፣ እምቦጭ፣ በፀሐይ ሲደርቅ የራሱ ሽታ አለው፤ መጀመሪያ የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ቀጥሎ ያደረ የጎመን ውሃ፣ ሲደርቅ ደግሞ አሮጌ ደብተር። ሦስቱም ሽታዎች በአንድ ጊዜ አፍንጫዬ ገቡና ጫማዬን ሳላስበው ላወልቅ ጎንበስ አልሁ። አብራኝ የነበረችው ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ አንድ ክፍል የተማርን ጓደኛዬ ናት። ምን እንደሆንሁ ስትጠይቀኝ ይህንን ታሪክ ነገርኋት። ስጨርስ ትከሻዬን አቀፈችኝ።

«አንቺ ደግሞ! ሕፃን ነበርሽ እኮ» አለችኝ። «አረሙን ያመጣው ነፋስ ነው፣ ጎርፍ ነው፣ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ ነው። አብረን አይደል እንዴ የተማርነው? አንድ ተክል ምን ለውጥ ያመጣል?»

ለእኔ አስባ ነው። ያለችውም እውነት አለው፤ ነፋሱን፣ ጎርፉንና ማዳበሪያውን እኔም ተፈትኜባቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ሰው ላለማስቀየም ብዬ ራሴን ነቅንቄ የማልፍ ሰው ነኝ። ያን ቀንም ራሴን ነቀነቅሁ። ይህንን የምጽፈው ያንን መነቅነቄን መልሼ ለመውሰድ ነው። ጥፋቴን ለማንም አላስረክብም። ለምን እንደማላስረክብ ደግሞ ያ ዓመት ራሱ ይናገር።

ባለአበባዋን እቤት ወስጄ እማየ ዓሣ በምታጥብበት ሳፋ ውስጥ ውሃ ጨምሬ አስቀመጥኋት። አበባዋ በሁለተኛው ቀን ረገፈ፤ አለቀስሁ። በሳምንቱ ግን ከጎኗ ቀጭን ገመድ አወጣች፤ በገመዱ ጫፍ ላይ ልጇ ተቀምጣለች። እትብት መሰለኝ። የቅጠሏ አገዳ ከሥሩ እብጥ ብሎ የተነፋ ስለሆነ አስቀድሜም አርግዛለች ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ይኸው ወለደች። ልጇም አሥር ቀን ሳይሞላት ወለደች። ቤታችን ውስጥ እኔ የማዝዛቸው፣ እኔን ምን ዘጋሽ የማይሉኝ እነሱ ብቻ ነበሩ። ጠዋት ስነሣ በሹክሹክታ አነጋግራቸዋለሁ።

አንዷን ልጅ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አድርጌ ትምህርት ቤት ወሰድኋት። ለማን እንደምሰጣት አልወሰንሁም ነበር፤ እንዲያው ይዣት ገባሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አስተማሪዎች «አንቺ መስኮቱ ጋ ያለሽው» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። አራተኛ ክፍል የገባችልን ቲቸር ሙሉነሽም እስከዚያ ቀን ስሜን አታውቀውም። ቆርቆሮዋን ጠረጴዛዬ ላይ አይታ ቆም አለች።

«እንዴ! ይህች ቆንጆ የማን ናት?»

አፌ አልከፈት አለ። አጠገቤ የምትቀመጠው ቤተልሔም አፍ ሆነችልኝ። የቤተልሔም አባትና እናት ለሥራ ከአዋሳ የመጡ ናቸው፤ እሷም እንደ ልቧ ትናገራለች።

«የሰሚራ ናት፣ ቲቸር! ሰሚራ ከባሕሩ ነው ያመጣቻት! እሷ አትናገርም እንጂ ብዙ ነገር አላት!»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር ሙሉነሽ ግን ቆርቆሮዋን አንሥታ የራሷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠመኔው ሣጥን አጠገብ አስቀመጠቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት የሚጀመረው «የሰሚራን አበባ ዛሬ ውሃ የሚጨምርላት ማነው?» ተብሎ ነው። ሃምሳ ልጅ እጁን ያወጣል። ስሜ በየቀኑ ሃምሳ ልጅ ፊት ይጠራል፤ እኔ ደግሞ አንድም ቃል መናገር አይጠበቅብኝም። ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

እቤት ግን ሳፋው ሞላ።

«ሰሚራ! ዓሣየን በመዳፌ ልጠበው?» አለች እማየ አንድ ጠዋት። «አሁኑኑ ባዶ አድርጊልኝ፤ ቅጠላ ቅጠልሽን ወዲያ!»

እናቴ ዓሣ ጠብሳ ገበያ ትሸጣለች። ሳፋውን ስትቀማኝ ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች ለየት አድርጋ አየቻቸው። «እነዚህስ ከዓሣው ሥር ቢነጠፉ ያምራሉ» አለችና ጥቂቶቹን ወሰደች። የቀሩትን እኔ ወደ ወደቡ ይዣቸው ሄድሁ።

ወደባችን የሐይቁ ውሃ ወደ መሬት ገባ ብሎ እንደ ክንድ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ነፋስ አይደርስበትም፤ በአንዱ ጎኑ ደንገል፣ በሌላው ጎኑ ዋርካው አለ። አምስቱን ተክሎች በልጥ አያይዤ ውሃው ውስጥ ካለ እንጨት ላይ አሰርኋቸው፤ ሰው ፍየሉን ሣር ላይ እንደሚያስረው። ይግጡ ብዬ ነው። እንዳይጠፉብኝ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቅሁት። ቋጠሮ ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው፤ የእሳቸው ቋጠሮ አይፈታም።

አያቴን እኔ አባየ እላቸዋለሁ፤ የወደቡ ሰው አያ ሙሐመድ ይላቸዋል። ደንገል ሲመርጡ ማየት ከማንም ጨዋታ ይበልጥብኝ ነበር። እያንዳንዷን አገዳ አንሥተው በጥፍራቸው ይጫኗታል፣ ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቋታል፣ ከዚያ «ይህች ትዋሻለች» ብለው ወደ ኋላቸው ይጥሏታል። ደንገሎቹ አንድ ነገር ይነግሯቸዋል ብዬ አምን ነበር። በእርግጥ እርጥበቱን ነበር የሚያዳምጡት፤ ይህንን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ቁርጥራጩን አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ጥለው አያውቁም። ታቅፈው ወደ ላይ፣ ዋርካው ማዶ ያወጡታል። ባሕሩ የበላውን አይተፋም ይሉ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ከሰዓት ያሰርኋቸውን ተክሎች አገኙአቸው። የኔ መሆናቸውን አላወቁም፤ እኔም አልተናገርሁም። አንዷን ነቅለው ያበጠውን አገዳ በቢላዋ ሰነጠቁት። ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ስፖንጅ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ። አባየ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ነይ እስኪ፣ ሰሚራ፤ እዪ። እኛ ደንገል አጭደን፣ አድርቀን፣ አስረን፣ እንደገና አድርቀን ነው። ይህች ከነታንኳዋ ተወለደች!»

«ሕፃን የለበትም?» አልሁ። ለእሳቸው ብቻ እናገራለሁ።

«የምን ሕፃን? አየር ነው። አየር አስሯል። ይህን ዓይነት ታንኳ እኔም ሠርቼ አላውቅ።»

ታንኳ ሠሪ ሌላ ሠሪ ሲያደንቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በማግሥቱ ብዙ እቅፍ ነቅለው ዳርቻው ላይ አሰጡት። ገና ሳይደርቅ ዝናብ መጥቶ ግማሹን ወደ ውሃው መለሰው። የቀረውን ማዶ ወደብ ላለ ዓሣ አጥማጅ በሚሠሩት ታንኳ ሆድ ውስጥ ጠቀጠቁት። «ክብደት የለውም» እያሉ ይደነቁ ነበር። እኔም ኮራሁ። የኔ ፍየሎች ታንኳ ሆኑ።

ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ያሰርሁበትን እንጨት አጣሁት።

ተሰብሮ መሰለኝ። ውሃው ውስጥ ገባሁና በእጄ ዳበስሁ፤ እንጨቱ አለ፤ ያልታየኝ ተሸፍኖ ነው። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። የወደቡ ክንድ ግማሽ አረንጓዴ ሆኗል። ሐምራዊ አበባው ከዳር እስከ ዳር ቆሟል፤ ሁሉም በዚያች ቢጫ ዓይኑ እኔን ያያል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል እነሱም ማዕበሉ ይዟቸው ተከተሉኝ። እየሮጥሁ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። መረብ ጥለው ሲያወጡ ዓሣ ሳይሆን ቅጠል ሆነ። የአያ ጀማል ሞተር ሥሩ ተጠምጥሞበት ሁለት ጊዜ ቆመ። ታንኳዎቹማ ጭራሽ አለፍ ማለት አቃታቸው። አንድ ቀን ካሜራና ማስታወሻ የያዘ ባለሙያ መጣ። «መቼ ነው የጀመረው? ከየት ነው የገባው?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ ገና ያላለቀ ታንኳ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ሊያስረኝ የመጣ መስሎኛል። በደንገሉ ሽንቁር የአያ ጀማልን እግር አያለሁ።

«ነፋስ ነው ጌታየ» አለው አያ ጀማል። «የሰሜን ነፋስ። ከዚያ ገፍቶ ገፍቶ እኛ ላይ ጣለው።»

ባለሙያው ጻፈ። አረሙ እምቦጭ እንደሚባል የሰማሁት ከእሱ ነው። ሄደ። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ነፋስ ገመድ አያስርም። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው ያጠበቅሁት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በፊት ወርጄ መንቀል ጀመርሁ። ሰው ሳያየኝ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ስትነቀል ቀላል ናት፤ ውሃዋን ስትይዝ ግን ከእኔ ትከብዳለች። ያወጣኋቸውን ዳር ላይ ጥዬ ሮጥሁ። ጠዋት ያጠራሁትን ከሰዓት ስመለስ ሌላው መጥቶ ሞልቶታል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዳር የጣልኋቸው አበባ አወጡብኝ። ተቀምጬ አለቀስሁ።

«ስላስተኛሻት አይደል» አለ ድምፅ ከኋላዬ። አባየ ናቸው፤ ከሱብሒ ሶላት መምጣታቸው ነው። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው እርጥብ ነው። ለካ እሳቸውም በደንገሉ በኩል ይነቅሉ ኖሯል፤ እኔ አላየኋቸውም፣ እሳቸው እኔን አይተውኛል።

አንዷን አንሥተው ገለበጧት። «ቅጠሏን ወደ ላይ ካስተኛሻት ጤዛ ጠጥታ ታድራለች፤ እግሯን መሬት ትሰዳለች። እንዲህ ነው። ሥሯን ወደ ፀሐይ! ሌላ ምንም አትፈራም።»

ለምን እንደምነቅል አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኋቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ ጎን ለጎን ሠራን፤ እሳቸው ይነቅላሉ፣ እኔ እየጎተትሁ ወደ ላይ አወጣለሁ፣ እገለብጣለሁ። ክንዴ አሳከከኝ፤ ጣቶቼ መካከል ቆዳው ተሸበሸበ። አያ ጀማል ጀልባው ላይ ቆሞ ይስቅብናል።

«አያ ሙሐመድ! ባሕሩን ሙሉ ሊነቅሉት ነው እንዴ?»

«ባሕሩን ማን ነካብህ? መንገዴን ነው የምጠርገው።»

«ነገ ይመለሳል እኮ!»

«እኔስ? ነገ አልመለስም?»

«ከነረዳትዎ ነው የሚመለሱት? ዝምታ፣ አንቺስ ደመወዝሽ ስንት ነው?»

አባየ ቀና አሉ። «ጀማል፣ አፍህ ሥራ ከፈታ እጅህን ላከው።» እሱ ሳቀ፤ እጁን ግን አልላከም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ የወደቡ ሰው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንዱም ሴቱም ነበር፤ ልጆች ከኋላ ተቀመጥን። አያ ጀማል ተነሥቶ ሁሉም ሲያወራው የሰነበተውን ነገር ተናገረ፤ ወደቡን ትተን ከድንጋያማው ጥግ ማዶ እንዛወር አለ። እዚያ ነፋስ ስለሚበረታ አረሙ አይቆምም። ለሞተር ጀልባ ደህና ቦታ ነው። ደንገል ግን አይበቅልበትም፤ ዋርካም የለውም፤ ታንኳ ድንጋይ ላይ ተጎትቶ ቢወጣ ሆዱ ይቀደዳል። ሁሉም ይህንን ያውቃል። ለዚህ ነው ሁሉም መሬት መሬት የሚያየው።

«እርስዎም አብረውን ይምጡ እንጂ፣ አያ ሙሐመድ» አለ አንዱ።

«ድንጋይ ላይ ምን ልሠራ? ሙቀጫ?»

ጥቂት ሰው ፈገግ አለ። እኔ የአባየን እጅ ነበር የማየው። ሲቀመጡ ሁልጊዜ ልጥ ይፈትላሉ፤ ያን ቀን እጃቸው ባዶ ነው፤ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ የሌላ ሰው እጅ መስሏል። ታንኳ የማይሠሩ አባየ ምን እንደሚሆኑ ያኔ ታየኝ። ግድግዳ ተደግፈው የሚቀመጡ ሽማግሌ ይሆናሉ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ አያ ጀማል። እውነቱን ለመናገር ድምፁ አዝኗል። «ከአላህ ነው። ነፋስ ነው። ማንም ሰው አላመጣው፣ ማንም ሰው አይመልሰው።»

ማንም ሰው አላመጣው። ሁለት ወር ሙሉ ያችን ቋጠሮ ሆዴ ውስጥ ይዤ ስዞር ነበር። እግሬ መቼ እንደቆመ አላውቅም። ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሯል።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ምን አለች?»

«ጮክ በይ፣ ልጄ!»

«እኔ ነኝ!» አልሁ፤ ድምፄ ተሰነጠቀ። «ሳፋ ውስጥ አሳደግኋት። ከዚያ እዚያ እንጨት ላይ አሰርኋቸው። አምስት ነበሩ። ሁለት ጊዜ ነው ያጠበቅሁት።»

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ መጣ። አንዱ «ዝምታ ባሕሩን ሞላሁት አለች!» አለ። ሌላው «ስታድግ ሌላ ባሕር እንፈልግላት!» አለ። እማየ ቀሚሴን ይዛ «ተቀመጪ፣ አታዋርጂኝ» ትለኛለች። አልተቀመጥሁም። ለምን እንዳልተቀመጥሁ አላውቅም። ሳቃቸው የኔን ነገር ከእጄ እየወሰደብኝ መሰለኝ፤ ሊወስዱብኝ አልፈለግሁም።

አባየ አልሳቁም።

«የመጀመሪያዋን ከየት አገኘሻት?» አሉኝ።

አያ ጀማልን አየሁት። ስሙን አልጠራሁም። እሱ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«ከኔ ጀልባ ነው» አለ። «ከደልጊ ዓሣ ሸፍኜ ያመጣሁበትን ነው የወሰደችው። የቀረውንማ እኔው ራሴ ነኝ እዚህ የጣልሁት። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። እስከ ኅዳር ድረስ በመጣሁ ቁጥር።»

ማንም አልሳቀም። እማየ ቀሚሴን ለቀቀችው። «እኔም ገበያ ከዓሣው ሥር ሳነጥፈው ነበር» አለች፤ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች። «ማታ ሳፋውን ሳጥብ ትራፊውን እዚሁ ነው የምደፋው።» አንዱ ለላሙ አጭዶ እንደነበር፣ ላሚቱ አሽትታ ስትተወው ተሸክሞ ወደ ውሃው እንደመለሰው ተናገረ። «ላሚቱስ ከአንተ ትሻላለች» አሉት፤ ሳቅ ሆነ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ሌላው ማዶ አድሮ የመጣ መረቡን ሳያራግፍ እዚህ እንደጣለው አመነ። እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ወጣ። ክፉ ነገር የሠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዓሣ ሊያቀዘቅዝ፣ ላም ሊያበላ፣ ሳፋ ሊያጥብ ብሎ ነው።

በመጨረሻ አባየ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ ከሁላችሁም ይብሳል» አሉ። «አደነቅኋት። ለታንኳ ሆድ ትሆናለች ብየ ገና እርጥብ ሳለች ጠቅጥቄ ማዶ ላክኋት። ዕድሜየን ሙሉ ለሰው ታንኳ ሠራሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ለአረም ሠራሁለት።»

የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አዩ።

«እስካሁን ነፋስ ነው ስትሉ እኔም እሺ ብየ ነበር። ከነፋስ ጋር ማን ይሟገታል? ዕቃን ጠቅልሎ መሄድ ነው። አሁን ግን ሰማችሁ። ነፋስም ቢሆን እኛ የሰጠነውን ነው የገፋው። የሰጡት እጆች እነዚሁ ናቸው፤ እዚህ ተቀምጠዋል።» የራሳቸውን እጅ ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «እኔ አልሄድም።»

«ሁሉንም ነቅለን አንጨርሰውም እኮ፣ አያ ሙሐመድ» አለ አያ ጀማል፤ አሁን እያሾፈ አይደለም።

«ሁሉንም አልሁህ? የሰጠነውን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ትልቅ ሰው፣ ሁሉም እየሰማ ጠየቁኝ። «አንቺስ፣ ሰሚራ? የሰጠሽው ይኸው ብቻ ነው?»

የጠመኔው ሣጥን ታየኝ። ቆርቆሮዋ፣ ሃምሳው እጅ፣ ስሜ።

«አንድ ትቀራለች» አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የተወሰነ ሰው ወደ ድንጋያማው ጥግ ሄደ፤ የተወሰነው ቀረ። አያ ጀማል ቀረ፤ ጀልባውን ከሰዓት በኋላ የነቀልነውን ማጓጓዣ አደረገው፤ አፉ ግን እስከ መጨረሻው ሥራ አልፈታም። ውሃው ጠራ ማለቴ አይደለም። አረሙ ዛሬም ከሰሜን ይመጣል፤ ወደቡም ዛሬም ይጠረጋል። ባለፈው ወር የሸተተኝ የዘንድሮ ክምር ነው፤ ሥሩ ሁሉ ወደ ላይ ተገልብጧል። እንዲህ አድርገው ሲያስተኙት ያየሁት የወደባችንን ሰዎች ብቻ ነው።

ለጓደኛዬ ያልመለስሁላት ይህ ነው። አንዷ ተክል ምንም አላመጣችም ካልሽኝ አንዷን መንቀሌም ምንም አይደለም ማለት ነው። ያ ምሕረት አይደለም፤ እጄን መቁረጥ ነው። በዚያ ጉባኤ ላይ ልጅ ናት ብለው ስቀው ቢያስቀምጡኝ ኖሮ ሁሉም ነፋሱን ረግሞ ይነሣ ነበር፤ አያቴም ግድግዳቸውን ተደግፈው ይቀሩ ነበር። ሕፃን ነበርሁ፤ አዎ። አላወቅሁም ነበር፤ አዎ። ያሰርኋት ግን እኔ ነኝ።

በዚያ ጉባኤ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሁሉም ቀድሜ ትምህርት ቤት ደረስሁ። ሰው ሳይመጣ ወስጃት ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ክፍሉ ክፍት ነው፤ ቲቸር ሙሉነሽ ግን ከእኔ ቀድማ ገብታ ደብተር ታርማለች። ቆርቆሮዋ እፊቷ ናት። የዚያን ዕለት አብባ ነበር፤ ውሃ ሳይጨምርላት የቀረ ልጅ ስለሌለ ከሁሉም ጊዜ በላይ አምራለች። ከቆርቆሮው አፍ በቀጭን ገመድ አዲስ ልጅ አንጠልጥላለች።

ሄጄ በሁለት እጄ ያዝኋት። ቤተልሔም በዚያው ቅጽበት ገባች።

«ቲቸር! ሰሚራ አበባዋን እየወሰደቻት ነው!»

ከኋላዋ ልጆች ተከታትለው ገቡ። «እንዴ!» «አትወስጃትም!» «ዛሬ የኔ ተራ ነው እኮ!» ቲቸር ሙሉነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆነሻል፣ ሰሚራ? የክፍሉ ናት እኮ አሁን። የሁላችንም ናት።»

ያ ሁሉ ዓይን ፊቴ ላይ ነው። ጉንጬ ይቃጠላል። መልሱ ግን ከትናንት ጀምሮ አፌ ውስጥ ነበር።

«አይደለችም» አልሁ። «የኔ ናት።»

መንገድ ለቀቁልኝ። ሜዳውን አቋርጬ የሰልፉ ቦታ ማዶ፣ ሣር የማይበቅልበት ድንጋይ ጋ ሄድሁ። ውሃውን ቦይ ውስጥ አልደፋሁትም፤ አቧራው ላይ ደፋሁት። እናቲቱን አወጣኋት፣ ገመዱን ሳልበጥስ ልጇንም አወጣኋት፤ ድንጋዩ ላይ አስተኛኋቸውና ገለበጥኋቸው፤ ሥራቸውን ወደ ፀሐይ። ቤተልሔም ተከትላኝ መጥታ አጠገቤ ቆማለች።

ደወሉ ተደወለ። ሁሉም ወደ ሰልፍ ሮጠ፤ ቤተልሔምም እጄን ጎተት አድርጋኝ ሮጠች። እኔ ጥቁሩ ሥር ግራጫ እስኪሆን ድረስ እዚያው ቆምሁ።